ቁልፉስ ተሰጠ፤ ውሉን ማን አነበበው?

ራጉኤል አካባቢ ሱቅ ያለው አባት ሳያገላብጥ የሚገዛው ነገር የለም። አንዲት ጣቃ ጨርቅ እንኳ ሲገዛ ሜትሯን ለክቶ፣ ቀለሟን ፀሐይ ላይ አይቶ፣ ደረሰኙን አንብቦ ነው። ይኸው ጮሌ ነጋዴ ልጁ ኮሌጅ ሲገባ የመኪናውን ቁልፍ "በርታ ልጄ!" ብሎ ያስረክባል። የመድን ውሉ ግን እንደታጠፈ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። "ኢንሹራንስ አላት ወይ?" ብትሉት መስታወቷ ላይ የተለጠፈውን ያሳያችኋል።

ወገን፣ እሱ እኮ የሦስተኛ ወገን ነው! በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ያለ እሱ መንገድ ላይ መውጣትን ይከለክላል፤ ደግም አደረገ። ግን እንደ ስሙ ለሌላው ነው፤ ለተገጨው እግረኛ፣ ለተጎዳው ንብረት። የራስን መኪና አያስጠግንም፤ የነዳውን ተማሪም አያሳክምም። ለተጎጂውም ቢሆን ጣሪያ አለው፤ አዋጁ ሲወጣ ለሞት የተቀመጠው ከፍተኛ ካሳ 40,000 ብር ነበር። ከጣሪያው በላይ ያለውንስ ማን ይከፍላል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪናውን ባለቤት ይጠይቃል፤ ያልፈቀደለት ሰው ቢነዳት እንኳ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ደግሞ የአባት ነው፤ ሱቁም የእሱ ነው።

"እኔ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ" የሚለውም አይዝናና። ውሉ ሲፈረም ሹፌሩ ሃያ ዓመት የነዳ ነጋዴ ነበር። ዛሬ መሪውን የያዘው መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወር ያልሞላው ተማሪ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ የመድን ክፍሉ ዛሬም የሚሠራበት፣ አደጋውን ለመመዘን የሚረዳውን ሁሉ ለመድን ሰጪው ንገሩ ይላል። ሆን ብሎ የደበቀ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። በዚያ ላይ የመኪናዋ ግምት አለ። 2 ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ከተመዘገበች፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለ200,000 ብር ጥገና የሚከፈለው 100,000 ብር ነው። ቀሪውን ሶማሌ ተራ ሄዶ መለዋወጫ እየተከራከረ ሲገዛ ያገኘዋል።

"ከነገርናቸው ዓረቦን ይጨምሩብናል" ይላሉ። ይጨምሩ ይሆናላ! መርካቶ ያደገ ሰው ርካሽ ዕቃ ኋላ ምን እንደሚያስከፍል ሊነገረው አይገባም።

"ይኼ የሀብታም ልጆች ጣጣ ነው፤ ብዙው ተማሪ የሚሄደው በታክሲና በአውቶብስ ነው" የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው። ታዲያ መንገድ ዳር ታክሲ ሲጠብቅ የሚገጨው ማን ሆነና? ያው ብዙው ተማሪ አይደል? የእሱ ሕክምናና የእሱ ካሳ ነው ማንም ባላነበበው ወረቀት ላይ የተንጠለጠለው። ለዚህ ነው ነገሩ የአባትና የልጅ የቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም የምንለው።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይኼ ነው። ቁልፍ የተሰጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከአባታችሁ ጋር ኢንሹራንሱ ቢሮ ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እኔ ስነዳ ውሉ ይሠራል? አደጋ ቢደርስ ከኪሳችን የምንከፍለው ስንት ነው? ሰው ብጎዳ ካሳው እስከ ስንት ይደርሳል? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በጽሑፍ ይሁን። እስኪመጣ ድረስ መኪናዋ ትቁም። ታክሲ ሞልቷል።