ስፖርት ጨዋታ ብቻ አይደለም

የ12ኛ ክፍል ፈተና በተቃረበ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠዋው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። «ሩጫ ማትሪክ አያሳልፍም» እየተባለ ሰዓቱ ለሒሳብ ይሰጣል። እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ ይህንኑ አምን ነበር። እናቴ የደም ግፊት እንዳለባት ታውቆ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር የዕለት የእግር ጉዞ ባዘዘላት ጊዜ ግን «እግርንና ደም ሥርን ምን አገናኛቸው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ሥር እንደ ውሃ ቧንቧ ግዑዝ አይደለም፤ ውስጡ በስስ ሽፋን የተለበጠ ሕያው አካል ነው። በምንንቀሳቀስበት ጊዜ ደሙ እየፈጠነ ሽፋኑን ይዳስሰዋል። ሽፋኑም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ደም ሥሩም ላላ ብሎ ይሰፋል። የዚህን ጋዝ ሥራ የገለጹ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁለተኛው ጥቅም ሐኪሞች ብግነት የሚሉትን የውስጥ መቆጣት ማብረዱ ነው። ብግነት ሲኖር ጉበት ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለውን በብዛት ያመርታል፤ ይህም በደም ምርመራ ይታወቃል። አንድ ቀን ብቻ ከዐቅሙ በላይ የሮጠ ሰው ምልክቱ ለጊዜው ከፍ ይልበታል፤ ለወራት ሳያቋርጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን፣ ይልቁንም የሆድ ስቡ ሲቀንስ፣ ዝቅ ይልለታል። እንግዲህ ጥቅሙ በዘወትርነት እንጂ በአንድ ቀን ጀግንነት አይገኝም።

ይህ ነገር እኛን የቆሼን ልጆች ይበልጥ ይመለከተናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ነጠቀን። ያ ሁሉም ያየው ጉዳት ነው። የቆሻሻ ጢስና ብናኝ ግን በሳንባ በኩል ደም ሥርን የሚያስቆጣው ማንም ሳያየው ነው። ስፖርት ጢሱን አያጠፋም፤ ጢስ ባለበት መሮጥም ደግ አይደለም። ነገር ግን አየሩ ጥሩ በሆነበት ሰዓትና ስፍራ ደም ሥርን ማጠንከር በእጃችን ነው።

«እኛ አበበ ቢቂላ አይደለንም» የሚል ይኖር ይሆናል። አበበ በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ከእኛ የሚፈለገው እጅግ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለዐዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃን የመሰለ እንቅስቃሴ ይመክራል።

ስለዚህ ክቡራን መምህራኖቻችን የስፖርቱን ሰዓት እንዲመልሱልን፣ ወላጆቻችንም «ከጥናት አስተጓጎለህ» እንዳይሉን በትሕትና እለምናለሁ። እናቴ በየማለዳው ትጓዛለች፤ እኔም አብሬያት እጓዛለሁ። ጥናቴንም አልተውሁም።