ወደ ፓርማ የሚሄድ ነጋዴ አንዲት ቀን ይመድብ

ለዕቃ ግዢ ወይም ለምግብ ትርዒት ወደ ሰሜን ኢጣልያ የሚጓዝ ነጋዴ ቀኑን ሁሉ በሆቴልና በትርዒት አዳራሽ አሳልፎ፣ የዋጋ ዝርዝርና የናሙና ጣሳ በሻንጣው ሞልቶ መመለሱ የተለመደ ነው። ለእንዲህ ያለው ጉዞ የሚያስፈልገው የውጭ ምንዛሪ በብዙ ድካም የሚገኝ ስለ ሆነ፣ አንዲት ቀን ከከተማ ወጥቶ ፎርማጆና አቼቶ ሲሠራ ማየት ለአንዳንዶች የሽርሽር ወሬ መስሎ ይታያቸዋል። ነገር ግን የዕቃውን አሠራር ሳያውቅ በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ብቻ አምኖ የሚገዛ አስመጪ የሚደርስበት ጉዳት ከአንዲት ቀን ወጪ የበለጠ መሆኑ አያጠራጥርም።

ለዚህ ጉብኝት ከፓርማ እስከ ሞዴና ያለው አገር እጅግ ተስማሚ ነው። ፓርማ፣ ሬጆ ኤሚልያና ሞዴና ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ187 ዓመት በሠሩት በኤሚልያ መንገድ ላይ የተሰለፉ ሲሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል። የመንገዱ ማጠር ግን ሰውን ያሳስታል። ጧት ፎርማጆ፣ ረፋዱ ላይ ሥጋ፣ ከቀትር በኋላ አቼቶ፣ ማታ ደግሞ የወይን ጠጅ እያሉ ቀኑን መከፋፈል ለአገር ጎብኚ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለነጋዴ አይሆንም። ለእርሱ ሁለት ቦታ ይበቃዋል። የላንጊራኖ የአሳማ ሥጋ በጥራቱ የታወቀ ቢሆንም፣ ክርስቲያንም ሆነ እስላም ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ደንበኛ የማይሸጥ ነውና ይለፈው።

የፎርማጆው ሥራ የሚታየው ጧት ብቻ ስለ ሆነ በሁለት ሰዓት ከደጃፉ መድረስ ያስፈልጋል፤ ወደ ቀትር የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የታጠበ ወለል ነው። ማታ የታለበው ወተት አድሮ ቅባቱ ከተገፈፈ በኋላ ከጧቱ ወተት ጋር በመዳብ ጋን ውስጥ ይቀላቀላል። ከዚያም ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ ይረጋል፣ ይሰባበራል፣ እስከ 55 ዲግሪም ይሞቃል። ከወተት፣ ከጨውና ከማርጊያው በቀር ምንም አይገባበትም። 40 ኪሎ ያህል ለሚመዝነው ለአንዱ ክብ ፎርማጆ 550 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል። በጨው ውኃ ውስጥ ከሰነበተ በኋላ በመደርደሪያ ላይ ቢያንስ 12 ወር ይቀመጣል። ያን ጊዜ መርማሪው በትንሽ መዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ ያለፈው በእሳት ማኅተም ሲታተም፣ የወደቀው ግን ከቅርፊቱ ላይ ስሙ ይፋቃል። በቅርፊቱ ላይ የአምራቹ ቁጥር ስላለ፣ ገዢው ያንን ቁጥር በማስታወሻው ቢጽፍ ከብዙ የማስታወቂያ ወረቀት ይልቅ ይጠቅመዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠየቅበትና ሊጠና የሚገባው የገንዘቡ ነገር ነው። ሀብቱ ሁለት ዓመት ሙሉ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥበት አምራች ለገበሬው የወተቱን ዋጋ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ክሬዲቶ ኤሚልያኖ የተባለው የሬጆ ኤሚልያ ባንክ ፎርማጆውን ራሱን በመያዣነት ተቀብሎ ያበድራል። ክቦቹን በራሱ መጋዘን አስቀምጦ ሲያስጠብቅና ሲያስገላብጥ፣ ዕቃው በሰነበተ ቁጥር ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። አሠራሩ አደጋ የሌለበት አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በግንቦት ወር በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በየመጋዘኑ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ክቦች ወድቀዋል። ሆኖም ብድሩ አልቀረም። ቤት ወይም ሕንፃ ካላስያዘ ብድር ለማግኘት የሚቸገር፣ ስለዚህም ማሩን ወይም ቡናውን ዋጋው በረከሰበት ወራት ለመሸጥ የሚገደድ ነጋዴ ይህን በዐይኑ ቢያይ፣ ለባንኩ ሹም የሚያቀርበው ቃል ያገኛል።

ከቀትር በኋላ ወደ ሞዴና ነው። እዚያ ባህላዊው አቼቶ የሚሰነብተው በቤት ጣሪያ ሥር፣ ከልዩ ልዩ እንጨት በተሠሩና በተራ እያነሱ በሚሄዱ በርሜሎች ውስጥ ነው። ከተቀቀለ የወይን ጭማቂ ተሠርቶ ከ12 ዓመት በፊት አይሸጥም፤ እጅግ ያረጀ የሚባለው ደግሞ 25 ዓመት ይሞላዋል። የሚሸጠውም ቅርጹ አንድ በሆነ 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ብቻ ነው። የሞዴናን ስም የያዘ ሌላ አቼቶ ደግሞ አለ፤ ይኸኛው የወይን አቼቶና ጭማቂ ተቀላቅሎ ቢያንስ 60 ቀን የሚቆይ ነው። ለአዲስ አበባ ባለሱቅ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምግብነቱም የሚነቀፍ አይደለም። ክፉው ነገር ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ አስመጪ ለ60 ቀኑ የ12 ዓመቱን ዋጋ ሲከፍል ነው።

ላኪውም ቢሆን ከዚህ ጉዞ የሚያገኘው አለ። የፓርሚጃኖ ሬጃኖ አምራቾች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1934 ዓ.ም. ነው። ከብዙ ዘመን ክርክር በኋላ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2008 ዓ.ም. «ፓርሜዛን» የሚለው ስም ያንኑ የተጠበቀ ስም የሚያስታውስ መሆኑን ወሰነ። ኢትዮጵያም የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋጨፌን ቡና ስም በአሜሪካ ለማስመዝገብ በ2005 ዓ.ም. አመልክታ፣ በ2007 ዓ.ም. ከአንድ ታላቅ የአሜሪካ ቡና ኩባንያ ጋር ተስማምታለች። ስሙን ማስመዝገብ አንድ ሥራ ነው፤ በስሙ የሚሸጠውን ዕቃ በየቀኑ እየመረመሩ የወደቀውን መጣል ግን ሌላ ሥራ ነው፤ በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ላኪዎች ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ስለዚህ ላኪው መርማሪውን ማን እንደሚቀጥረው፣ ደመወዙ ከየት እንደሚወጣ፣ ስሙን ሰርቆ የሚሸጠውን ማን እንደሚከስ አጥብቆ ይጠይቅ።

ለጉብኝቱ አስቀድሞ፣ ቢቻል ከወር በፊት፣ በድርጅቱ ማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ መጻፍ ይገባል። ቋንቋውን የማያውቅ አስተርጓሚ ይያዝ፤ አስተርጓሚውም የሻጩ ሰው አይሁን። ሌሊቱን በፓርማ ማደር ከሚላኖ በጧት ባቡር ከመሮጥ ይሻላል። በዚያች ቀን ምንም ዓይነት የግዢ ውል አይፈረም፤ የቀመሱት ሁሉ በሚጣፍጥበት ሰዓት የተፈረመ ትእዛዝ አዲስ አበባ ጉምሩክ ሲደርስ ሒሳቡ ሌላ ይሆናልና።