ከግድብ ሥር የሚከርሙ ንስሮች

ራሰ ነጭ ንስር የሰሜን አሜሪካ ወፍ ነው። ኑሮው ከውሃ ዳር አይርቅም፤ ዋነኛ ምግቡም ዓሣ ነው። በብርድ ወራት ከወንዞች ዳር በብዛት እንዲሰበሰብ የሚያስገድደውም ይኸው ነው። በካናዳና በሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶች ሐይቆችና ዝግ ብለው የሚፈሱ ወንዞች በበረዶ ሲሸፈኑ፣ ንስሩ ከበረዶው በታች ያለውን ዓሣ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ክፍት ውሃ ፍለጋ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ብርዱ በበረታ ቁጥር ክፍት ውሃው ይጠብባል፤ በዚያችው ቦታ የሚሰፍረው ንስርም ይበዛል። ጫጩት በሚያሳድግበት ወቅት ሌላ ንስር በጎጆው አካባቢ ዝር እንዳይል የሚከላከለው ይህ ወፍ፣ ጃንዋሪ ላይ ከብዙ ቢጤዎቹ ጋር በአንድ ዛፍ ላይ ሲያድር ይገኛል። ያሰባሰባቸው ረሃብ ነው፤ የሚመለከታቸውም ሰው ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ውሃው በረዶ ሳይሆን የሚቆይበት ምክንያት እንደየቦታው ይለያያል። በአላስካ፣ ከሄይንስ ከተማ አጠገብ የሚፈሰው የቺልካት ወንዝ ከመሬት ሥር በሚመነጭ ሞቅ ያለ ውሃ ምክንያት ከፊሉ ክፍት ሆኖ ይከርማል። ዘግይቶ የሚደርሰው የሳልሞን ዓሣም እዚያው እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። በመኸሩ ማብቂያ በዚህ ሸለቆ እስከ 3,000 የሚደርስ ንስር የሚሰበሰብበት ዓመት አለ፤ ቦታው እ.ኤ.አ. በ1982 ጥብቅ የንስር ስፍራ ተብሎ ተከልሏል። በዋሺንግተን ግዛት የስካጊት ወንዝም ንስሮቹን የሚስበው በሳልሞን ነው። በሚኒሶታ ደግሞ ከዋባሻ ከተማ አጠገብ የቺፐዋ ወንዝ ሚሲሲፒን ሲቀላቀል ፈጣኑ ፍሰት ውሃው እንዳይረጋ ያደርገዋል። ብሔራዊ የንስር ማዕከል የተሠራው እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ተነስቶ እዚያ ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል።

ከዚያ ወደ ታች ሚሲሲፒን ተከትሎ ሲኬድ ግን ሥራው የተፈጥሮ ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ በ1930ዎቹ የተሠሩት የጀልባ መተላለፊያ ግድቦች ውሃውን እያናወጡ ከሥራቸው ያለው ወንዝ በረዶ እንዳይሆን ያደርጋሉ፤ አዮዋና ኢሊኖይ ውስጥ ንስር ማየት የፈለገ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀውም ግድቡ የት እንዳለ ነው።

በዋሺንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ ለሚኖረው ሐበሻ ቅርቡ እንዲህ ያለ ቦታ በሜሪላንድ፣ በሰስከሃና ወንዝ ላይ ያለው የኮኖዊንጎ ግድብ ነው። ግንባታው በ1928 ተጠናቀቀ። ርዝመቱ 1.4 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 29 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቁጥር 1 አውራ ጎዳና በአናቱ ላይ ያልፋል። ከዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ንስሮቹ ከኦክቶበር ማለቂያ ጀምሮ ይመጣሉ፤ ከሁሉም የሚበዙት ታንክስጊቪንግ በሚውልበት በኖቬምበር ነው። ጥሩ በሆነ ቀን ከመቶ በላይ ንስር በአንድ ቦታ ይታያል።

ንስሮቹን ከግድቡ ሥር የሚያቆያቸው ጊዛርድ ሻድ የሚባል ብርማ ዓሣ ነው። ተርባይኖቹ ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ የማስጠንቀቂያ ደወል ይጮኻል፤ ቀጥሎም ውሃው ከግድቡ ሥር እየፈላ ይወጣል። በተርባይኑ ውስጥ ያለፈው ዓሣ ደንዝዞ፣ አንዳንዱም ሞቶ፣ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በዛፍና በኤሌክትሪክ ማማ ላይ ተቀምጠው የቆዩት ንስሮች ያን ጊዜ ይነሳሉ። አንዱ ንስር ዝቅ ብሎ ይመጣና ውሃው ጋ ሲደርስ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ዓሣውን ሞጭልፎ ይወጣል። የጣቶቹ ውስጠኛ ቆዳ ሻካራ ስለሆነ የሚያሟልጨው ዓሣ አያመልጠውም። ብዙውን ጊዜ ግን ትግሉ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌሎቹ ከኋላ ተከትለው አየር ላይ ሊነጥቁት ይሞክራሉ። ራሱ ከማጥመድ ይልቅ የሌላውን መቀማት የሚቀለው ንስር ብዙ ነው።

ቦታው በራሱ ውብ አይደለም፤ ኮንክሪት፣ ሽቦና የመኪና ማቆሚያ ነው። ግድቡም ከባሕር ወደ ላይ እየወጡ ይራቡ የነበሩትን ዓሦች መንገድ ዘግቷል፤ ይህ ጉዳት ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ይሁን እንጂ ንስርን በቅርብ አይቶ ጠባዩን ለማጥናት ከብዙ ጸጥ ያሉ ጫካዎች ይህ ቦታ ይሻላል። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብም ይመቻል፤ ብዙ መንገድ በእግር ሳይሄዱ ከማቆሚያው አጠገብ ሆነው ያያሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። እዚያ የሚከርሙት ጥቁር ጥንብ አንሳዎች የቆመ መኪና ላይ ወጥተው የዝናብ መጥረጊያውንና የመስኮቱን ጎማ እየነጩ ይቀዳድዳሉ። ልማዱን የሚያውቁ ፎቶ አንሺዎች መኪናቸውን በሸራ ሸፍነው ይተዋሉ።

ንስሩን ለመለየት ነጭ ራስና ነጭ ጭራ መፈለግ ብቻ አይበቃም፤ ይህ መልክ የሚሟላው ወፉ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። የመጀመሪያ ዓመቱ ወፍ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ምንቃሩም ዓይኑም ጥቁር ቢጤ ነው። ከዚያ በኋላ ሆዱና የክንፉ ሥር በነጭ ይዥጎረጎራል፤ በአራተኛው ዓመት አካባቢ ራሱ ነጥቶ በዓይኑ በኩል ቡናማ መስመር ይቀርበታል። ምንቃሩና ዓይኑ ቢጫ የሚሆኑትም ቀስ በቀስ ነው። ሲበር ክንፉን እንደ ሳንቃ ዘርግቶ ይይዛል፤ ቀይ ራስ ያለው ጥንብ አንሳ ግን ክንፉን ወደ ላይ ሽቅብ አድርጎ እየተንገዳገደ ይንሳፈፋል። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ የተዘረጋ ክንፏ ከሁለት ሜትር ያልፋል። በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነጭ ራስ ያለውን የአፍሪካ ዓሣ አጥማጅ ንስር ያውቀዋል፤ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ድምፃቸው ግን አይመሳሰልም፤ የአፍሪካው ከሩቅ ያስተጋባል፣ የአሜሪካው ይህን በሚያህል አካሉ ቀጭን ቁርጥርጥ ያለ ጩኸት ነው የሚያሰማው።

ዛሬ እንዲህ በብዛት የሚታየው ወፍ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በአላስካ ከ1917 እስከ 1953 ድረስ ንስር ለገደለ ሰው መንግሥት ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ምክንያቱ ሳልሞን ይጨርሳል የሚል ነበር፤ በዚህም ከ100,000 በላይ ንስር ተገድሏል። በሌሎቹ ግዛቶች ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ በዝናብ እየታጠበ ወንዝ ገባ፣ ከወንዝ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣም ወደ ንስር ተሻገረ። መርዙ የእንቁላሉን ቅርፊት ስላሳሳው እናትየው ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። በ1963 ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር በ48ቱ ግዛቶች ጎጆ የነበራቸው ጥንዶች 417 ብቻ ነበሩ። ዲዲቲ በ1972 ታገደ፤ ወፉም በ2007 ለአደጋ ከተጋለጡት ዝርዝር ወጣ። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በ2021 ባወጣው ግምት በእነዚሁ ግዛቶች ከ71,000 በላይ ጥንዶች ይገኛሉ። ይህ የሆነው ሕግ ወጥቶ፣ ሕጉም በሥራ ላይ በመዋሉ ነው።

አሁን የቀረው አደጋ ይበልጡን እርሳስ ነው። አዳኝ አጋዘን ገድሎ ሆድ ዕቃውን ጫካ ውስጥ ጥሎ ሲሄድ፣ የጥይቱ ስብርባሪ እዚያው ይቀራል፤ ንስሩም በብርድ ወራት ዓሣ ሲያጥርበት ይህን ይበላል። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣና በ38 ግዛቶች 1,210 ንስሮችን የመረመረ ጥናት ግማሽ የሚጠጉት ለረጅም ጊዜ በእርሳስ እንደተመረዙ አሳይቷል። የመዳብ ጥይት ገበያ ላይ አለ፤ አጋዘንም ይገድላል። በእርሳስ ላይ ሙጭጭ ለማለት የሚያበቃ ምክንያት የለም።

ተመልካቹም በበኩሉ ኃላፊነት አለበት። በብርድ ቀን ዛፍ ላይ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ንስር ሰነፍ አይደለም፤ የበላውን እየቆጠበ ሰውነቱን እያሞቀ ነው። ለፎቶ ተብሎ በተነሳ ቁጥር ያጠራቀመውን ኃይል ያባክናል፤ ደጋግሞ ከተነሳም የሚያጠምድበትን ቦታ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ማለዳ ደርሶ፣ በተቻለ መጠን ከመኪና ሳይወርዱ፣ በባይናኩላር ማየት ይሻላል፤ ንስር በእግሩ ከሚንቀሳቀስ ሰው ይልቅ ከመኪና ጋር ይስማማል። ወፉ አንገቱን አስግጎ ወደ ሰው ደጋግሞ ማየት ከጀመረ ርቀቱ አልበቃም ማለት ነው። መሬት ላይ የወደቀ ላባ ማንሳትም አይፈቀድም፤ የ1940ው የንስር ጥበቃ ሕግ ላባ ይዞ መገኘትን ጭምር ስለሚከለክል ለልጅ ማስታወሻ ብሎ ኪስ መክተት ሊያስቀጣ ይችላል።

ፌብሩዋሪ ሲጋመስ ከሰሜን የመጡት ወደየመጡበት መመለስ ይጀምራሉ። በቼሳፒክ ወሽመጥ ዙሪያ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ጥንዶች ግን ያን ጊዜ እንቁላል ላይ ናቸው፤ እናትና አባት እየተፈራረቁ 35 ቀን ያህል ይታቀፋሉ። በዚህ ወቅት የሚሻለው በቨርጂኒያ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ሜሰን ኔክ ነው። ይህ ስፍራ በ1969 የተቋቋመ ሲሆን፣ በአሜሪካ በተለይ ለራሰ ነጭ ንስር ተብሎ የተከለለ የመጀመሪያው መጠለያ ነው። ጎጆ ካለበት ዛፍ ቢያንስ 100 ሜትር መራቅ ይገባል። በሜይና በጁን ጫጩቶቹ ከጎጆ ይወጣሉ፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ ከፍሎሪዳ ሙቀቱን የሸሹ ሌሎች ንስሮች ወደ ወሽመጡ ይደርሳሉ።