አራት መስመር ለጌጥ አይደለም

የአውሮፕላን አብራሪዎች የደንብ ልብስ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን «ለማማር ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። ፓን አሜሪካን የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አብራሪዎቹን እንደ ባሕር ኃይል መኮንን ያለበሳቸው መብረር የሚፈራው መንገደኛ እንዲተማመንባቸው ነው። ትከሻ ላይ ያለው አራት መስመርም ካፒቴን ማለት ነው፤ ሦስት ከሆነ ረዳት አብራሪ። ጭንቅ ሲመጣ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም።

ሌላም ጥቅም አለው። አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ትከሻዋ ላይ ያረፈው ያው ወንዶቹ የሚያደርጉት አራት መስመር ነው። «ሴት ናት እንዴ የምታበረን?» ለሚል መንገደኛ ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይመጣል?

ታዲያ ደንብ ሁሉ ምክንያት አለው ማለቴ አይደለም። የኦክስጅን ጭንብል ፊት ላይ በደንብ እንዳይገጥም ያደርጋል እየተባለ በብዙ አየር መንገዶች ጢም ለዓመታት ተከልክሏል። ኤር ካናዳ ግን ጉዳዩን በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ አስጠናና ስጋቱ ስላልተረጋገጠ እ.ኤ.አ. በ2018 አጭር ጢም ፈቀደ። ይኼ ነው ትክክለኛው መንገድ!

ውድ አንባቢያን፣ ነገ ጋዜጠኞች ነን። ስለ አለባበስ ደንብ ስንጽፍ «ያምራል ወይስ አያምርም?» የሚለውን ትተን «ለምን?» ብለን እንጠይቅ። ምክንያት ያለው ይከበር፤ የሌለው ይሻር።