የጃፓን ስም፣ የሕንድ እጅ

አዲስ አበባን ያጥለቀለቀችው ሱዙኪ ዲዛየር ስሟ የጃፓን ነው፤ የመጣችው ግን ከሕንድ ነው። ሱዙኪ በ1982 እ.ኤ.አ. ከሕንድ መንግሥት ጋር ሲዋዋል ድርሻው 26 በመቶ ብቻ ነበር። በታኅሣሥ 1983 ኢንድራ ጋንዲ የማሩቲ 800ን ቁልፍ ለመጀመሪያው ገዢ አስረከቡ። ያኔ አብዛኛው ዕቃ ከጃፓን እየመጣ ይገጣጠም ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን የሕንድ ፋብሪካዎች ክፍሎቹን ራሳቸው መሥራት ለመዱ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ጃፓኖቹ ሥራ አስኪያጁንም ሠራተኛውንም አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ አለበሱ፤ በአንድ አዳራሽ አብረው እንዲበሉ አደረጉ። ለአለቃ የተለየ ወንበር በለመደ አገር ይህ ቀላል አልነበረም። (ለእኛስ ቢሆን?)

ይህን የማነሳው በቤታችን ጉዳይ ነው። የልጅ ልጄ ቴክኒክና ሙያ ልግባ ይላል፤ ምራቴ ደግሞ «ልጄ ቱታ ለብሶ ብሎን ሲፈታ አላይም» ብላ አኩርፋለች። የሕንዱን ነገር ስነግራት «አባባ፣ እሱ እኮ ሕንድ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኛ ዘንድ ገና ብዙው ሥራ መገጣጠም ነው። እነሱም የጀመሩት ከዚያው ነው አልኳት። ዝም አለች። ምዝገባው ሰኞ ያልቃል።