የአረጋውያን ቤትና የነጋዴው ኃላፊነት

ሐዋሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ስትቆረቆር በለጋ ወጣትነታቸው ቤት የሠሩባትና ሱቅ የከፈቱባት ሰዎች፣ ዛሬ በሕይወት ያሉቱ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ልጆቻቸውም አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ፣ ሌላው ዐረብ አገር ሆኖ፣ በሰፊው ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጊት እናት ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ብቻ የቀሩበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ለአረጋዊ ሰው ከጎዳናው ይልቅ የሚያሰጋው የገዛ ቤቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው፣ በመላው ዓለም 684,000 ያህል ሰዎች በየዓመቱ በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ ናቸው። በእኛም አገር መጸዳጃው ከግቢው ጥግ፣ የበሩ ደፍ ከፍ ያለ፣ መብራቱም በየጊዜው የሚጠፋ ሲሆን፣ በሌሊት የሚደረገው ያ አጭር መንገድ አደገኛ ይሆናል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰልም ሽታና ቀለም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል።

ለእነዚህ አደጋዎች መከላከያ የሚሆኑ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። ሰው ሲንቀሳቀስ በራሱ የሚበራ መብራት አለ፤ መርዘኛው ጋዝ ሲበዛ የሚጮኽ ደወል አለ፤ አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ለልጅና ለጎረቤት በተራ የሚደውል ባለ ትልልቅ ቁጥር ስልክም አለ። እነዚህን ሁሉ ለከተማችን ሕዝብ ማቅረብ የሚችለው ነጋዴው ነው።

ይሁን እንጂ የመጣው ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ ግን 220 ቮልት ስለሆነ፣ ልጅ ለእናቱ አስቦ የላከው ዕቃ ገና ሲሰካ ሊቃጠል ይችላል። በአንገት የሚንጠለጠለው የድረሱልኝ ቁልፍም ብዙውን ጊዜ የሚደውለው በዚያው አገር ላለ ድርጅት በመሆኑ፣ እዚህ ቢጫኑት የሚመልስ የለም። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ደወልም መብራት በጠፋበት ሌሊት ዝም ይላል። ይህን ሳይመረምር የሚሸጥ ነጋዴ የሸጠው ዕቃ ሳይሆን ከንቱ መተማመን ነው።

አንዳንዶች «መሣሪያ ልጅን አይተካም» ይላሉ፤ እውነት ነው። የሚሰማ ሰው በሌለበት የሚጮኽ ደወል «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደተባለው ይሆናል። ስለዚህ ስልኩ በመጀመሪያ ሊደውል የሚገባው ባሕር ማዶ ላለው ልጅ ሳይሆን፣ የግቢውን ቁልፍ ለያዘው ጎረቤት ወይም ለዕድርተኛው ነው። እንዲሁም በእናት መኝታ ቤት ሳያስፈቅዱ ካሜራ መስቀል ጥበቃ ሳይሆን ድፍረት ነው። ስለሚገባው ዕቃ አስቀድመው ሊጠየቁ የሚገባቸው ባለቤቶቹ አረጋውያን ናቸው።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ስለ ረከሰ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል። እንግዲህ አስመጪው ብዙ ዓይነት ከማከማቸት ይልቅ ጥቂት፣ የተፈተነና ባትሪው በገበያ የሚገኝ ዕቃ ቢያመጣ ይሻለዋል። ባለሱቁም ዕቃውን አስረክቦ ከመሸኘት ፈንታ፣ ቤት ድረስ ሄዶ ቢተክል፣ በአማርኛም በሲዳምኛም አጠቃቀሙን ቢያስረዳና ለተወሰነ ጊዜ ዋስትና ቢሰጥ፣ በውጭ ያለው ልጅ የማይሠራ ዕቃ በሻንጣ ከመላክ ይልቅ ገንዘቡን በባንክ ልኮ ከሐዋሳ ሱቅ ይገዛል። በዚህም እናት ትጠበቃለች፤ ነጋዴው ያተርፋል፤ አገርም ምንዛሪ ታገኛለች።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ባለሱቁ ለገዢው እውነቱን ይንገረው። በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ በደንብ የተተከለ የብረት መያዣ፣ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍና በደፉ አጠገብ የሚበራ አንድ መብራት፣ ውድ ከሆነው መሣሪያ ሁሉ መቅደም አለባቸው። ርካሹን ዕቃ አስቀድሞ የሚመክር ነጋዴ ለዕለቱ ትርፉ ቢያንስ እንኳ፣ ደንበኛው ውድ የሆነውን በፈለገ ጊዜ የሚመለሰው ወደ እርሱ ሱቅ ነው።