ስለ ዐውሎ ነፋስ ወሬና ስለ ሹም ሥራ

ከሰማይ የመጣውን መቅሠፍት ማን ይመልሰዋል የሚለው ቃል በሹማምንት አፍ ዘወትር ይሰማል። እርግጥ ነው፤ ነፋሱን የሚመልስ የለም። ነገር ግን በአንድ አገር፤ በብርቱ ነፋስ፤ አንድ ጊዜ ብዙ መቶ ሺህ፤ ሌላ ጊዜ ጥቂት ሺህ ሰው የሞተ እንደ ሆነ ምክንያቱን በምድር ላይ መፈለግ ይገባናል።

በፈረንጆች አቈጣጠር ኖቬምበር 12 ቀን 1970 ሌሊት ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የተነሣ ዐውሎ ነፋስ በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን፤ ዛሬ ባንግላዴሽ በሚባለው አገር ላይ ወደቀ። ነፋሱም ባሕሩን ከ6 ሜትር በላይ አንሥቶ በቦላ ደሴትና በዙሪያዋ ባለው ዝቅተኛ ምድር ላይ አፈሰሰው። የሞተው ሰው ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ ይገመታል፤ 280 ሺህ ያህል ከብትም ዐለቀ። በሁለቱ ግምት መካከል 200 ሺህ ነፍስ አለ፤ ይህን ያህል ሕዝብ መኖሩንና መሞቱን ለይቶ የሚናገር አለመገኘቱ ለአስተዳደር ከባድ ወቀሳ ነው።

ወሬው አልተሰማም እንዳይባል በራዲዮ ተነግሮ ነበር። ከጥፋቱ በኋላ በተደረገው ምርመራ ከመቶው 90 የሚሆነው ሰው አስቀድሞ ሰምቶ ነበር፤ ወደ ጠንካራ ቤት የሸሸው ግን ከመቶው 1 ያህል ብቻ ነው። ወዴት ይሽሽ? ከፍ ያለ ቦታ የለ፤ መንገዱን ያሳየው የለ፤ ከብቱንስ ለማን ይተው? እኔ ባላገሩን ሰነፍ ነው ብዬ አልፈርድበትም።

ከ1972 ጀምሮ በየመንደሩ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ተመርጠው በባንዲራና በድምፅ ማጉያ ሕዝቡን እንዲያስጠነቅቁ ተደረገ። ለሰው መጠለያ ቤት ተሠራ፤ ለከብትም አፈር ተቈልሎ ጕብታ ተደለደለ፤ ይህን ያሰበው ሰው ባላገርን በእውነት የሚያውቅ ነው። ሥራው ፈጥኖ አልተፈጸመምና በ1991 ደግሞ 140 ሺህ ያህል ሰው ሞተ። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ ግን በመንግሥት ቈጠራ የሞተው ወደ 3,400 ነው።

እኛ ባሕር የለንም የሚል ሹም ቢኖር በኛ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ የሆነውን ያስታውስ። ዝናቡ በደጋው ዘነበ፤ ጎርፉ በሌሊት በተኛ ሰው ላይ ደረሰ፤ ከ200 የሚበልጥ ነፍስ ጠፋ። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ የየወረዳው ገዥና ባለመሬት ተነጋግረው በወንዝ ዳር ያሉት ቤቶች ስንት እንደ ሆኑ፤ በሌሊት ሕዝቡን የሚቀሰቅሰው ማን እንደ ሆነ፤ ከብቱ በየት በኩል እንደሚወጣ፤ ስም እየጠሩ በመዝገብ እንዲያስገቡ እናሳስባለን።